ሜሽና ድንበር፦ ኮምፒውተር የውኃን ፍሰት እንዴት ያሰላል?

የዚህ እትም የሳይንስ ዓምዳችን የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ደጋግመው ስለሚያነሱት አንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «መሐንዲሶች ጎርፍ ሳይመጣ የት ድረስ እንደሚደርስ በኮምፒውተር ያውቃሉ ይባላል። ኮምፒውተሩ ያላየውን ውኃ እንዴት ያውቃል?»

መልሱ ባጭሩ፣ ኮምፒውተሩ ውኃን አያውቅም። የሚያውቀው መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው። የቀረውን የምንነግረው እኛ ሰዎች ነን። ከምንነግረው ውስጥ ሁለት ነገሮች ከሁሉ ይከብዳሉ፦ አንዱ ሜሽ የሚባለው መረብ ነው፣ ሌላው የድንበር ሁኔታ ነው። ዛሬ ሁለቱንም በደብተርና በእርሳስ ሠርተን እናሳያችኋለን። መደመርና ማካፈል የሚችል ሁሉ ሊከተለን ይችላል፤ ኮምፒውተር አያስፈልግም።

ጉዳዩ ለምን የእኛ ሆነ?

ካኩማ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ የስደተኞች ካምፕ ነው። ታራች የሚባለውን ላጋ የማያውቅ ነዋሪ የለም። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል። ራቅ ብሎ ከላይ በኩል ሲዘንብ ግን እኛ ጋ ጠብታ ሳይወርድ ደራሽ ውኃ ይመጣል። የጭቃ ጡብ ቤት ደግሞ ውኃ ከተኛበት አይቆምም።

አንድ ሰፈር ለቤት መሥሪያ ይሆናል ወይስ አይሆንም የሚለው ነገር በካርታ ሊወሰን ይችላል። ያ ካርታ ደግሞ ከስሌት ሊመጣ ይችላል። ስሌቱ በምን ላይ እንደቆመ የሚያውቅ ሰው ካርታውን ዝም ብሎ አይቀበልም፣ ዝም ብሎም አይጥልም። ይጠይቃል። ጽሑፋችን የተጻፈው ለዚህ ነው።

ሜሽ ምንድነው?

የፈሳሽን እንቅስቃሴ የሚገልጹት እኩልዮሾች ናቪየር-ስቶክስ ይባላሉ። ፈረንሳዊው ናቪየር በ1822 አቀረባቸው፣ ስቶክስ ደግሞ በ1845 አጠናከራቸው። እኩልዮሾቹ የሚሉት ነገር በመሠረቱ የኒውተን ሁለተኛ ሕግ ነው፦ አንዲት ትንሽ የውኃ ቁራጭ የምትሄደው በስበት፣ በግፊትና ከጎረቤቶቿ ጋር ባላት ሰበቃ መሠረት ነው። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በሦስት አቅጣጫ ለሚንቀሳቀስ ፈሳሽ መልሱ ሁልጊዜ ሳይበላሽ መኖሩን በሂሳብ ያረጋገጠ ሰው እስከ ዛሬ የለም። እ.ኤ.አ. በ2000 የአንድ ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ተመድቦለታል፤ ገንዘቡ አሁንም አሸናፊ እየጠበቀ ነው።

በቀመር መፍታት ካልተቻለ ምን ይደረጋል? ቦታውን በትንንሽ ክፍሎች እንቆራርጠዋለን። ካሬ ባለው የሂሳብ ደብተር ላይ የወንዝ ሥዕል እንደ መሳል አስቡት። እያንዳንዱ ካሬ አንድ ፍጥነትና አንድ ግፊት ብቻ ይኖረዋል። ካሬዎቹ ተያይዘው የሚሠሩት መረብ ሜሽ ይባላል። «ውኃው በየትኛውም ነጥብ ላይ እንዴት ይሄዳል?» የሚለው ማለቂያ የሌለው ጥያቄ «በእነዚህ 400 ካሬዎች ውስጥ እንዴት ይሄዳል?» ወደሚል ይለወጣል። 400 ጥያቄ ደግሞ ብዙ ቢሆንም ያልቃል።

ይህን ሥራ ያለ ኮምፒውተር የሞከረ ሰው አለ። እንግሊዛዊው ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ውስጥ የአምቡላንስ ሾፌር ሆኖ ሲያገለግል፣ አውሮፓን በካሬ ከፋፍሎ የአየር ጠባይን በእጁ አሰላ። በ1922 መጽሐፍ አድርጎ አወጣው። ስሌቱ የአየር ግፊት በ6 ሰዓት ውስጥ በ145 ሚሊባር ይጨምራል አለ፤ በእውነቱ ግን ግፊቱ አልተነቃነቀም ማለት ይቻላል። ኋላ እንደታወቀው ዋናው ችግር ዘዴው ሳይሆን መነሻ ያደረገው የአየር መረጃ እርስ በርሱ ያልተመጣጠነ መሆኑ ነበር። እንክርዳድ ዘርቶ ስንዴ ማጨድ የለም። ዘዴው ግን ቆይቶ የዛሬው የአየር ትንበያ መሠረት ሆነ።

በደብተር እንሥራው

ሁለት ጠፍጣፋ መስተዋቶች ጠጋ ብለው፣ ትንሽ ወደ ታች አዘንብለው ቆመዋል እንበል። በመካከላቸው የምግብ ዘይት ቀስ ብሎ ይወርዳል። ከታችኛው መስተዋት እስከ ላይኛው ያለውን ክፍተት እኩል ቦታ ለ4 እንከፍለዋለን። አምስት ነጥቦች ይኖሩናል፦ 0፣ 1፣ 2፣ 3 እና 4። ነጥብ 0 ታችኛው መስተዋት ላይ ነው፣ ነጥብ 4 ላይኛው ላይ ነው። ይኼው ነው፤ ሜሽ ሠራን።

አሁን ደንቡን እንስጥ። እያንዳንዱ የዘይት ንብርብር ከላይና ከታች ባሉት ጎረቤቶቹ ይጎተታል። ስበት ባይኖር ኖሮ ፍጥነቱ የሁለቱ ጎረቤቶቹ አማካይ ይሆን ነበር። ስበት ስላለ ግን ከአማካዩ ትንሽ ይበልጣል። ያቺ «ትንሽ» የምትወሰነው በስበቱ፣ በዘይቱ ውፍረትና በነጥቦቹ ርቀት ነው። ለዛሬ 1 ሚሊ ሜትር በሰከንድ ትሁን። ስለዚህ፦

የአንድ ነጥብ ፍጥነት = (የታችኛው ጎረቤት + የላይኛው ጎረቤት) ÷ 2 + 1

ይህ ደንብ ለነጥብ 1፣ 2 እና 3 ይሠራል። ለነጥብ 0 እና 4ስ? እነሱ በአንድ በኩል ጎረቤት የላቸውም፤ ደንቡ እነሱ ጋ ሲደርስ ይቆማል። እዚህ ላይ ነው የድንበር ሁኔታ የሚያስፈልገው። ድንበር ምን እንደሆነ ለእኛ አንባቢ ማስረዳት አያሻም። ድንበሩ ላይ ምን እንደሚሆን ከውጭ ካልተነገረ በውስጥ ያለው ሁሉ ሳይወሰን ይቀራል። ፈሳሽም እንደዚያው ነው።

ግድግዳ የነካ ፈሳሽ ከግድግዳው ጋር ይጣበቃል። መስተዋቶቹ ቆመዋል፤ ስለዚህ በነጥብ 0 እና በነጥብ 4 ላይ ፍጥነቱ 0 ነው።

አሁን ሁሉንም ነጥቦች ከ0 ጀምረን ደንቡን በተራ እንተግብር። አዲስ ቁጥር እንዳገኘን ወዲያው እንጠቀምበታለን።

1ኛ ዙር፦ 1፤ 1.5፤ 1.75
2ኛ ዙር፦ 1.75፤ 2.75፤ 2.375
3ኛ ዙር፦ 2.375፤ 3.375፤ 2.69
4ኛ ዙር፦ 2.69፤ 3.69፤ 2.84

የመካከለኛውን ቁጥር ተመልከቱ። ከ4 የሚጎድለው 2.5፣ ከዚያ 1.25፣ ከዚያ 0.625 እያለ በየዙሩ በግማሽ ይቀንሳል። ብትቀጥሉ 3፣ 4፣ 3 ላይ ይረጋል። ደንቡን አረጋግጡ፦ (3 + 3) ÷ 2 + 1 = 4። ትክክል ነው። የፍሰቱ መልክ ከታች ወደ ላይ 0፣ 3፣ 4፣ 3፣ 0 ሆነ። መሐል ላይ ይፈጥናል፣ ግድግዳ ጋ ይቆማል። ኮምፒውተርም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ እሱ በሚሊዮን ነጥቦች ላይ ይሠራዋል፣ አይደክመውም።

አንዱን ድንበር ብንለውጥስ?

አሁን ላይኛውን መስተዋት እናንሳው። የዘይቱ ውፍረትና የመሬቱ ዝንባሌ እንዳለ ነው። ዘይቱ ከላይ የሚነካው አየር ብቻ ነው፤ አየር ደግሞ ዘይትን የመያዝ አቅሙ እዚህ ግባ አይባልም። ስለዚህ ነጥብ 4 ላይ «ፍጥነቱ 0 ነው» ማለት አንችልም። የምንለው «ከሥሩ ካለው ንብርብር ጋር እኩል ይሄዳል» ነው፤ ማለትም ነጥብ 4 = ነጥብ 3።

ሜሹ ያው፣ ደንቡ ያው፣ የተለወጠው አንድ መስመር ብቻ ነው። መልሱ ግን 0፣ 6፣ 10፣ 12፣ 12 ይሆናል። እናንተው በደንቡ ፈትሹት፦ (0 + 10) ÷ 2 + 1 = 6፤ (6 + 12) ÷ 2 + 1 = 10፤ (10 + 12) ÷ 2 + 1 = 12። ትልቁ ፍጥነት ከ4 ወደ 12 ዘለለ። ሦስት እጥፍ! የድንበር ሁኔታ ትንሽ ዝርዝር ጉዳይ አይደለም የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

መረቡን ማጥበቅ

እዚህ ላይ ነቃ ያለ ተማሪ «12 እውነተኛው መልስ ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ይህ ፍሰት ቀላል ስለሆነ በቀመርም ይፈታል፤ ትክክለኛው የላይኛው ፍጥነት 16 ነው። የእኛ 12 በሩብ ያንሳል። ምክንያቱ «ነጥብ 4 = ነጥብ 3» ያልነው ለጥ ያለ ግምት ስለሆነ ነው፤ እውነተኛው ፍጥነት የሚረጋው ዘይቱ አየሩን የሚነካበት ቦታ ላይ እንጂ ከዚያ በታች ባለው ንብርብር ላይ አይደለም። ነጥቦቹ በተቀራረቡ ቁጥር ግምቱ ይሻሻላል።

ክፍተቱን ለ8 ብንከፍለው፣ የምንደምረው ቁጥር ከ1 ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ርቀት በግማሽ ሲቀንስ ይህ ቁጥር በአራት ይካፈላልና። ውጤቱን እነሆ፦

በ4 ክፍል፦ 12
በ8 ክፍል፦ 14
በ16 ክፍል፦ 15
በ32 ክፍል፦ 15.5

ስህተቱ 4፣ 2፣ 1፣ ግማሽ እያለ ይሄዳል። በተግባር ትክክለኛውን መልስ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ነገር ግን መረቡን ሁለት ሦስት ጊዜ አጥብቆ መልሱ መለወጡን እየተወ መሆኑን ማየት ይቻላል። ይህን ሳያደርግ ውጤት የሚያቀርብ ሰው ሥራውን አልጨረሰም።

ታዲያ ለምን ሁልጊዜ በጣም ጠባብ መረብ አንጠቀምም? ዋጋ ስላለው ነው። በሦስት አቅጣጫ የክፍሉን መጠን በግማሽ ብትቀንሱ የክፍሎቹ ብዛት 8 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ባለሙያዎች መረቡን የሚያጠብቁት ነገር በፍጥነት በሚለዋወጥበት ቦታ ነው፦ ግድግዳ አጠገብ፣ ምሰሶ ዙሪያ፣ ጠባብ መተላለፊያ ላይ። ራቅ ባለው ቦታ ያሰፉታል። ታዲያ ከጠባብ ወደ ሰፊ በድንገት አይዘለልም፤ ቀስ እየተባለ ይሰፋል። በጣም የተጣመመ ክፍልም ስሌቱን ያበላሻል።

ጊዜም ይቆራረጣል

ጎርፍ በየደቂቃው ስለሚለዋወጥ ከቦታው በተጨማሪ ጊዜውም ይቆራረጣል። በ1928 ሪቻርድ ኩራንት፣ ኩርት ፍሪድሪክስና ሃንስ ሌቪ የተባሉ ሦስት የሂሳብ ሰዎች በብዙ ዘዴዎች ላይ የሚሠራ ሕግ አወጡ። ሕጉ በቀላል አነጋገር፣ ውኃው በአንድ የጊዜ እርምጃ ውስጥ ከአንድ ክፍል በላይ መዝለል የለበትም ይላል። ክፍሉ 30 ሜትር ቢሆንና ውኃው በሰከንድ 3 ሜትር ቢሮጥ፣ የጊዜ እርምጃው ከ10 ሰከንድ መብለጥ የለበትም። በጎርፍ ላይ የማዕበሉም ፍጥነት ስለሚደመር ከዚያም ያንሳል። ሕጉ ሲጣስ ቁጥሮቹ እየዘለሉ ስሌቱ ይፈነዳል።

ለተማሪዎቻችን አንድ ነገር እንጨምር። ሦስቱም ሰዎች ናዚ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ጀርመንን ለቅቀው ኑሯቸውን አሜሪካ ያደረጉ ናቸው። በየቀኑ በዓለም ዙሪያ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው ሕግ የሦስት ተሰዳጆችን ስም ይዟል።

ወደ ታራች እንመለስ

አሁን ደብተሩን ዘግተን ላጋውን እንይ። አንድ ሰው የታራችን ጎርፍ ለማስላት ቢነሳ አራት ድንበሮች ላይ ውሳኔ ይጠብቀዋል።

1. ከላይ፣ ውኃው የሚገባበት። እዚህ ላይ በየሰዓቱ ስንት ውኃ እንደሚገባ ይነገራል። ልኬት ከሌለ ግምት ይገባል፤ ግምቱ ትንሽ ከሆነ ካርታው ላይ ያለው ጎርፍም ትንሽ ይሆናል።

2. ከታች፣ ውኃው የሚወጣበት። እዚህ ብዙውን ጊዜ የውኃው ከፍታ ወይም የመሬቱ ዝንባሌ ይሰጣል። መውጫው ከምንፈልገው ሰፈር ርቆ መቀመጥ አለበት። ከተጠጋ መውጫው ላይ የገመትነው ቁጥር ሰፈራችን ድረስ ይመጣል።

3. ወለሉ። አሸዋ፣ ድንጋይና ቁጥቋጦ ውኃን የሚይዙት እኩል አይደለም።

4. ጎኖቹ። ከሁሉ የሚከብደው ይኼ ነው። አንድ ሰው የስሌቱን ድንበር የላጋው ዳርቻ ላይ አድርጎ «ግድግዳ» ብሎ ቢጽፍበት፣ ውኃው የፈለገውን ያህል ቢሞላ ወደ ቤቶቹ አይወጣም። ኮምፒውተሩ «ቤቶቹ ደህና ናቸው» ይላል። ይህን ያለው አስልቶ አይደለም፤ ውኃው እንዳይወጣ ቀድሞ ስለተከለከለ ነው። ስለዚህ የመረቡ ጠርዝ ሰፈሩን አልፎ ውኃ ሊደርስበት እስከማይችል ከፍታ መሄድ አለበት።

የመረቡም ስፋት እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ነፃ የመሬት ከፍታ መረጃ በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. ከጠፈር መንኮራኩር የተለካው ነው። አንዱ ካሬ 30 ሜትር ያህል ነው። በ30 ሜትር ካሬ ውስጥ ቤቱም፣ ቦዩም፣ የእግር መንገዱም አንድ ቁጥር ይሆናሉ፤ ከፍታውም በሜትሮች ሊሳሳት ይችላል። ለጭቃ ቤት ደግሞ የግማሽ ሜትር ውኃ የመቆምና የመፍረስ ልዩነት ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ መሬቱን ወርዶ መለካት ግድ ነው።

እዚህ ላይ የነዋሪው ዕውቀት ይገባል። ባለፈው ጎርፍ ውኃው የትኛው ዛፍ ድረስ እንደደረሰ፣ የትኛውን ግድግዳ ምን ያህል እንዳረጠበ የሚያስታውሱ የካምፑ ነዋሪዎችና የቱርካና ሽማግሌዎች አሉ። ስሌቱ ያለፈውን ጎርፍ በትክክል ካላሳየ የሚመጣውን ያሳያል ብሎ ማመን አይቻልም። ካርታ ይዞ ለሚመጣ ባለሙያ በአክብሮት ሦስት ጥያቄ አቅርቡ፦ መረብዎ የት ላይ ያልቃል? ከላይ ስንት ውኃ አስገቡ? መረቡን ቢያጠብቁት መልሱ ይለወጣል? ጥሩ ባለሙያ በጥያቄው ደስ ይለዋል።

ጥንቃቄ፦ የዘይቱ ደንብ ለቧንቧ አይሠራም

የደብተሩ ደንብ ንብርብር ሠርቶ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ፈሳሽ ነው። የሰብዓዊ ዕርዳታ መለኪያው ስፊር ለአንድ የውኃ ቦኖ በደቂቃ 7.5 ሊትር ያስቀምጣል፤ የ20 ሊትር ጀሪካን በ2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይሞላል ማለት ነው። ይህ ውኃ ውስጡ 20 ሚሊ ሜትር በሆነ ቧንቧ ሲሄድ ፍጥነቱ በሰከንድ 0.4 ሜትር ያህል ነው። ፍጥነትን በቧንቧው ወርድ አባዝተን ለውኃው ዝልግልግነት ስናካፍል የሬይኖልድስ ቁጥር 8000 ገደማ ይመጣል። በቧንቧ ውስጥ ከ4000 በላይ ከሆነ ፍሰቱ የተበጠበጠ ነው፤ ንብርብር የለም፣ ማዞርና መሽከርከር ይበዛል። ለዚያ ተጨማሪ ሞዴል ያስፈልጋል።

ኮምፒውተር ለምታገኙ

ኦፕንፎም የተባለው ፕሮግራም ከ2004 ጀምሮ በነፃ ይገኛል። ለጎርፍ ደግሞ የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች የሚያዘጋጁት ሄክ-ራስ አለ፤ እሱም ነፃ ነው። የኦፕንፎም የመጀመሪያ ልምምድ ካቪቲ ይባላል፦ ጎኑ 0.1 ሜትር የሆነ ሳጥን፣ ክዳኑ በሰከንድ 1 ሜትር ይንሸራተታል፣ ሦስቱ ግድግዳዎች ይቆማሉ። መረቡ 20 በ20 ነው፤ ያልናቸው 400 ካሬዎች እነዚህ ናቸው። አንዱ ክፍል 0.005 ሜትር፣ የጊዜ እርምጃው 0.005 ሰከንድ ነው። በኩራንት ሕግ አስሉት፤ ልክ አንድ ክፍል በአንድ እርምጃ ይሆናል።

ፍሰት የሚገባበትና የሚወጣበት ሥራ ስትጀምሩ ይህን ያዙ፦ መግቢያው ላይ ፍጥነት ስጡ፣ ግፊቱን ልቀቁት፤ መውጫው ላይ ግፊት ስጡ፣ ፍጥነቱን ልቀቁት። በሁለቱም ላይ ፍጥነት ሰጥታችሁ የገባውና የሚወጣው እኩል ካልሆነ፣ ትርፉ ውኃ የሚሄድበት የለውም፤ ስሌቱም መልስ አያገኝም።

በመጨረሻም፣ ኮምፒውተር ሁልጊዜ የሚያምር ባለቀለም ሥዕል ይሰጣል። ሲሳሳትም ያምራል። ቀለሙን ከማድነቅ በፊት ድንበሩን ጠይቁ።

የቤት ሥራ

1. በመጀመሪያው ምሳሌ ላይኛው መስተዋት ከመቆም ይልቅ በሰከንድ 8 ሚሊ ሜትር ወደ ታች ቢንሸራተት፣ የነጥብ 1፣ 2 እና 3 ፍጥነት ስንት ነው? ፍንጭ፦ ትልቁ ፍጥነት መስተዋቱ ላይ አይደለም።

2. ላይኛው መስተዋት በተነሳበት ምሳሌ ክፍተቱን ለ8 ከፍላችሁ 14 መምጣቱን አረጋግጡ። የምትደምሩት 0.25 መሆኑን አትርሱ።

3. ከክፍላችሁ ጋር ሆናችሁ የሰፈራችሁን ቦይ ካሬ ባለው ወረቀት ላይ ሳሉ። መግቢያ፣ መውጫና ግድግዳ የት እንደሆነ ምልክት አድርጉ፤ ውኃ ሞልቶ የሚወጣበትንም ቦታ አሳዩ።

መምህራን፣ ሦስተኛውን ጥያቄ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍልም መስጠት ትችላላችሁ። እኛም ትምህርታችንን ዩኒቨርሲቲ ሳንጨርስ የወጣን ነን፤ ደብተርና እርሳስ እስካለ ድረስ ግን ትምህርት አይቋረጥም። የአንደኛውንና የሁለተኛውን ጥያቄ መልስ በሚቀጥለው እትም እናወጣለን። እስከዚያው ደህና ሰንብቱ!